የቀደድኩት ቃለ ጉባኤ

ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሬያለሁ። የሚያየኝ ሰው ሁሉ "ደክሞሻል" ይለኛል። አዎ፣ ደክሞኛል፤ ያደከመኝ ግን ማስተማሩ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ክረምት፣ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ሦስት ቀን ብቻ የፈጀ ነገር ነው። ለባልደረቦቼ ግማሹን ነግሬያቸዋለሁ፤ ያውም እኔን የሚያሳምረኝን ግማሽ። ዛሬ የቀረውንም ልናገርና ፍርዱን እናንተ ስጡ።

ያኔ መቱ ውስጥ በነበረ አንድ አነስተኛ የግል ኮሌጅ የሥነ ዜጋ መምህርት ነበርኩ። ኮሌጁ ዛሬ ተዘግቷል፤ ስሙን ማንሳት አያስፈልግም። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊም እኔው ነበርኩ፤ ኃላፊነት ማለት ቁልፍ መያዝና ሪፖርት መጻፍ ነው። ተወልጄ ያደግሁት እዚያው መቱ ነው። የአያቶቼ ዘር ከሸዋ ይመዘዛል። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ገበያና ሰፈር ኦሮምኛ እየተናገርኩ ስላደግሁ "እኔ ሁለቱንም ወገን አውቃለሁ" የሚል ኩራት ነበረብኝ። ኩራቱ ብዙ ነገር እንዳላይ አድርጎኛል።

ክረምት ክረምት የምናስተምራቸው ተማሪዎች ራሳቸው አስተማሪዎች ናቸው። ከያዮ፣ ከሁሩሙና ከሌሎችም ወረዳዎች፣ በጋውን ሙሉ ሕፃናት ሲያስተምሩ ከርመው ትምህርታቸውን ለማሻሻል ዝናቡ እየወረደባቸው የሚመጡ ትልልቅ ሰዎች። በምናስተምርበት መጽሐፍ ውስጥ ስለ መሬት፣ ስለ ቋንቋ፣ ስለ ነባርና ሰፋሪ የሚያነሳ አንድ ምዕራፍ ነበር። እዚያ ስንደርስ ሁላችንም መምህራን የምንለው አንድ ነው፤ "ይሄን ራሳችሁ አንብቡት፣ ፈተና ላይ አይወጣም።" ጊዜው ሰው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ የሚውልበት ጊዜ ነበር፤ አንድ ወሬ ከያዮ ተነስቶ መቱ እስኪደርስ ሦስት ጊዜ ይወልዳል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይባላል፤ እኛ ግን ጭራሽ ሳናርስ ነበር የምናልፈው።

በዚያ ዓመት ለአምስት ቀን ስልጠና ሂጂ ተባልኩ። ርዕሱ ሰው በሚከፋፍል ጉዳይ ላይ ተማሪዎችን በመከባበር ማወያየት የሚል ነበር። ሄድኩ፣ ተማርኩ፣ አንድ ወፍራም ፋይል ይዤ ተመለስኩ። እውነቱን ለመናገር ስልጠናው ጥሩ ነበር። ምክትል ዲናችን ኦቦ ገመቹ ፋይሉን በእጃቸው መዝነው፣ "እንግዲህ ሙሉ፣ ይሄን ብቻሽን በልተሽ አትተኚ። ለሌሎቹ መምህራን አሳዪያቸው" አሉኝ። ኦቦ ገመቹ ጡረታ የቀረባቸው፣ ለሰው የማይከፉ፣ ለፋይል ግን የሚሞቱ ሰው ናቸው።

ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት ሠላሳ አንድ ተማሪ ከፊት፣ ዘጠኝ መምህራን ከኋላ አግዳሚ ላይ ተደርድረው፣ ያንን የምንዘለውን ምዕራፍ ከፈትኩ። ወንበሮቹን በክብ አስደረግሁ። ሰሌዳው ላይ የውይይት ደንቦች ጻፍኩ። አንደኛው ደንብ "እዚህ የተባለ እዚህ ይቀራል" የሚል ነበር። ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ሁሉም "እሺ" አሉ። ከዚያ በዚያው ትንፋሽ ወደ አንዱ ተማሪ ዞሬ፣ "ደረጀ፣ ጽሑፍህ ያምራል፣ ቃለ ጉባኤ ያዝልን" አልኩ።

አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል። ያን ጊዜ ግን እኔም፣ ተማሪዎቹም፣ ከኋላ የተቀመጡት ዘጠኝ መምህራንም አንዳችንንም ነገሩ አልቆረቆረንም። እኛ ዘንድ ሰው ተሰብስቦ ቃለ ጉባኤ ካልተያዘ አልተሰበሰበም። ዕድር ብትሉ፣ የወላጆች ኮሚቴ ብትሉ፣ የቡና ማኅበር ብትሉ አንዱ ይጽፋል፣ ሁሉም ይፈርማል። ኦቦ ገመቹም ስልጠናው ለመሰጠቱ ማስረጃ እንደሚፈልጉ ነግረውኝ ነበር። እጃችን ለምዶታል፤ የለመደ እጅ ደግሞ አያስብም።

ውይይቱ መጀመሪያ ላይ አልንቀሳቀስ አለ። "ሁላችንም ወንድማማች ነን"፣ "መቻቻል ባህላችን ነው" እያሉ አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረው። አንዱ የኋላ መምህር ሲያዛጋ አየሁት። ያኔ ቶለሳ የሚባል ተማሪ ተነሳ። ቶለሳ ከያዮ አልፎ ባለ ቀበሌ የሚያስተምር፣ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ ብዙ የማይናገር ልጅ ነው።

"ቲቸር፣ እውነቱን ልናገር?" አለኝ።

"ተናገር፤ ለዚህ ነው የተቀመጥነው።"

"የአያቴ ቡና የነበረበት ጫካ ዛሬ የሰፈራ መንደር ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ መንግሥት ሰው በመኪና አምጥቶ አራገፈበት። አያቴን ማንም አልጠየቀውም። እስኪሞት ድረስ በቡና ለቀማ ሰሞን ወንዙ ዳር ቆሞ ወደዚያ ያይ ነበር። እኔ ሰዎቹ ይውጡ አልልም፤ የት ይሄዳሉ? እዚሁ ወልደዋል፣ እዚሁ ቀብረዋል። ግን አንዱን ስትጠይቀው 'መንግሥት ሰጠን' ነው የሚልህ። አንድ ቀን፣ አንድ ሰው፣ 'የእናንተ ነበር' ቢለኝ ይበቃኛል። ሌላ አልፈልግም።"

 ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። በዚህ መሃል ዘይነብ ተነሳች። ዘይነብ ከዚያው ከሰፈራው መንደር ናት፤ ወላጆቿን ከወሎ በዚያ መኪና ነው ያመጧቸው። ሁለት ክረምት ከቶለሳ ጋር አንድ ክፍል ተቀምጠው ከሰላምታ በቀር ሲነጋገሩ አይቼ አላውቅም። ሻሿን አስተካከለችና ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እሱ ዞረች።

"አባቴ ለመምጣት አልተመዘገበም። እህል ይሰጣል ተብሎ ሄዶ ነው መኪና ላይ የጫኑት" አለች። "እናቴ ሦስት ቀን ፈልጋው፣ እሷም ተከትላ ተጫነች። ጫካው ባዶ ነው አሏቸው። ባዶ አልነበረም፤ አባቴ ምድጃ አግኝቶበታል። የሰው ምድጃ። ይሄን ለእኛ ለልጆቹ ነግሮን ነው የሞተው፤ ለውጭ ሰው እንዳንናገር ግን አስጠንቅቆናል። ዛሬም ወሬ በተወራ ቁጥር እናቴ ልብሷን በፌስታል ትቋጥራለች። ቶለሳ፣ መሬቱ የእናንተ ነበር። እኔ ሌላ አገር የለኝም፤ ግን የእናንተ ነበር።"

 ቶለሳ በኦሮምኛ "ገለቶሚ" አላት፤ አመሰግናለሁ ማለቱ ነው። ከኋላ ካሉት መምህራን ሁለቱ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ።  በመምህርነት ዘመኔ እንደዚያ ያለ ቀን አይቼ አላውቅም ብዬ አሰብኩ። ደወሉ ሊደወል ሲል ደረጀ ወረቀቱን አምጥቶ ፊቴ አኖረ። በደስታ ሳላነበው ፈረምኩ። ቀጥሎ ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ሠላሳ አንዱም ፈረሙ። ዘይነብም፣ ቶለሳም።

ረቡዕ ጠዋት ወረቀቱን ለኦቦ ገመቹ ሰጠኋቸው። መብራት ስላልነበረ ኮፒ ማድረግ አልተቻለም፤ ዋናውን ፋይላቸው ውስጥ ከተቱት። "ጎበዝ!" አሉኝ። ቀኑን ሙሉ መምህራኑ "እንዴት አድርገሽ ነው?" እያሉ ሲከቡኝ ዋሉ። እኔም አስረዳሁ። አቤት ማብራሪያዬ!

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደረጀ እየሮጠ መጣ። ፊቱ ተለውጧል።

"ቲቸር፣ የቶለሳ አጎት መጥተዋል። ዲን ቢሮ ደጃፍ ላይ ናቸው። ያንን ወረቀት ነው የሚፈልጉት።"

"የቱን ወረቀት?"

"ቃለ ጉባኤውን። ለወረዳው መሬት ቢሮ ያቀረቡት አቤቱታ አለ አሉ። በዘይነብ እናት ማሳ ላይ ነው።"

 ቶለሳ ማክሰኞ ማታ በደስታ ለቤተሰቡ ስልክ ደውሎ ኖሯል። "አንዷ አመነችልን" ብሎ። መቼም ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አጎትየው ረቡዕን በእግርና በጭነት መኪና ተጉዘው፣ ሐሙስ ማለዳ በሚኒባስ መቱ ገብተዋል።

ከቢሮው ስደርስ ኦቦ ለሜሳ፣ የቶለሳ አጎት፣ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሰባ ሊሞላቸው የተቃረበ፣ ኮታቸው ከትከሻው የራሰ፣ ቦት ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ የሆነ ሽማግሌ ናቸው። ጭቃው ወለሉን እንዳያበላሽ እግራቸውን አንድ ጋዜጣ ላይ ሰብስበው አስቀምጠዋል። ቶለሳ አጠገባቸው ቆሟል። ዘይነብም ገብታለች፤ በሩ አጠገብ ቆማለች። ኦቦ ገመቹ ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ግንባራቸውን ያሻሉ።

"ሙሉ፣ ግቢ" አሉኝ። "ኦቦ ለሜሳ የቃለ ጉባኤው ኮፒ ይሰጠኝ ይላሉ። የወንድማቸው ልጅ የፈረመበት ሰነድ ነው። እምቢ የምልበት መመሪያ የለኝም።"

"ኦቦ ገመቹ፣ ቃል ገብተንላቸው ነው እኮ! የተባለው ከክፍሉ አይወጣም ብለን።"

"እሱን ብታስቢው ባልጻፍሽው ነበር" አሉኝ፤ ድምፃቸው ቁጣ የለውም፣ የደከመ ነው። "የተፈረመ ሰነድ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ?"

ኦቦ ለሜሳ ወደ እኔ ዞሩ። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ነበር የሚናገሩት።

"ባርሲፍቱ" አሉኝ፤ መምህርት ማለታቸው ነው። "አከም ጂርታ? ደህና ነሽ? እኔ ጠብ ፈልጌ አልመጣሁም። ሠላሳ ዓመት ቢሮ ተመላለስኩ። ሁልጊዜ 'ማስረጃ አምጣ' ነው የሚሉኝ። የአባቴ ቡና ማስረጃ አይሆንም አሉኝ፤ ተቆረጠ። ምስክር አመጣሁ፤ ሞቱ። አሁን አላህ፣ ዋቃ፣ ማንም ይሁን፣ ይቺን ልጅ አናገረልኝ። ወረቀቱን ስጡኝና ልሂድ። ዝናቡ ሳይብስ።"

"ሁሉንም ማሳ ነው የሚፈልጉት?" አልኳቸው።

"የአባቴን ብቻ። ወንዙ ዳር ያለውን።"

ዘይነብን አየኋት። ወንዙ ዳር ያለው የእናቷ ቡና ነው። ያ ቡና ከሌለ አሮጊቷ የሚበሉት የላቸውም፤ የዘይነብን ደመወዝ ደግሞ ሁለት ወንድሞቿ ይማሩበታል። ይሄን ሁሉ አውቅ ነበር፤ ባለፈው ክረምት ራሷ ነግራኛለች። በዚያ ላይ የመንደሩ ሰው "ልጅቷ ፈርማ አሳልፋ ሰጠችን" ቢል ምን እንደሚከተል አሰብኩ። 

ኦቦ ለሜሳ ወደ ዘይነብ ዞረው፣ "ዱጋ ዳ? እውነት ብለሻል?" አሏት።

ዘይነብ ከበሩ ወደ ፊት መጣች። በኦሮምኛ መለሰችላቸው። "ላፍቲ ከን ኬሰን ቱሬ" አለች፤ መሬቱ የእናንተ ነበር። ድምፅዋ አልተሰበረም። ሽማግሌው በመዳፋቸው ዓይናቸውን ሸፈኑ። ቶለሳ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

እኔ በዚያች ቅጽበት ነገሩ እዚያው ያበቃ መስሎኝ ነበር። ቃሉን ፈልገው ነው፣ አገኙት፣ ይሄዳሉ ብዬ አሰብኩ። እንደዚያ የምናስበው መሬት ያልተወሰደብን ሰዎች ነን። ኦቦ ለሜሳ ዓይናቸውን ጠርገው፣ "ተባረኪ ልጄ" አሏት። ከዚያ ወደ ኦቦ ገመቹ ዞረው፣ "ወረቀቱን ግን ስጡኝ" አሉ።

"ላንብበው" አልኩ። ኦቦ ገመቹ ገፋ አድርገው ሰጡኝ። የፈረምኩበትን ወረቀት ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት። በዚያ በሚያምረው ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ "ተማሪ ቶለሳ የሰፈራ ጣቢያው የተቋቋመበት መሬት የቤተሰቡ መሆኑን ገለጸ። ተማሪ ዘይነብም ይህንኑ አምናለች።"

በቃ። ይሄው ነው። መኪናው የለም። ሦስት ቀን የተፈለገው አባት የለም። ፌስታሉ የለም። ቶለሳ "ይውጡ አልልም" ያለውም የለም። ደረጀን መውቀስ አልችልም፤ ቃለ ጉባኤ እንዲህ ነው የሚጻፈው፣ ሁላችንም እንዲህ ነው የተማርነው። "አምናለች" የሚለውን ቃል ግን ፍርድ ቤት ቆሜ የሰማሁት መሰለኝ። ከሥሩ መጀመሪያ የሰፈረው ፊርማ ደግሞ የእኔ ነው።

"ቲቸር" አለች ዘይነብ። "ቲቸር፣ አንዴ እኔ..."

"አንቺ ዝም በይ" አልኳት። "ይሄ የእኔ ጥፋት ነው፣ እኔው እጨርሰዋለሁ።"

"ቲቸር፣ እኔና እሷ..." አለ ቶለሳም።

"አንተም ዝም በል!"

ወረቀቱን ቀደድኩት። መጀመሪያ ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት፣ ከዚያ እጄ እስኪደክም። ብጥስጣሹን ኪሴ ከተትኩት።  ኦቦ ገመቹ ከወንበራቸው ተነስተው መልሰው ቁጭ አሉ። "ሙሉ፣ ምን አደረግሽ?" አሉኝ ቀስ ብለው።

"ቃሌን ጠበቅሁ" አልኩ። እንዲህ ነበር ያልኩት፤ አንገቴን ቀና አድርጌ።

ኦቦ ለሜሳ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ጋዜጣውን ከእግራቸው ሥር አንስተው አጣጠፉት፣ ቅርጫት ውስጥ ጣሉት። ከዚያ እኔ ዘንድ መጥተው ቆሙ።

"ባርሲፍቱ፣ የአባትሽ ቤት ወረቀት አለው?" አሉኝ።

"አለው።"

"የአያትሽ መሬትስ ነበረው?"

 አያቴ ሁሩሙ አጠገብ መሬት ነበራቸው፤ በጃንሆይ ጊዜ በማኅተም የተሰጣቸው። ከማን ተወስዶ እንደተሰጣቸው በቤታችን ተነስቶ አያውቅም። ማክሰኞ ዘይነብ ስትናገር ትዝ ያለኝ እሱ ነበር፤ ሠላሳ አንድ ሰው ሳናግር እኔ ግን ያንን አንድ ቃል አልተናገርኩም። ኦቦ ለሜሳ መልሴን አልጠበቁም። የቶለሳን ክንድ ይዘው ዝናቡ ውስጥ ወጡ።

የተከተለውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ሰነድ በማጥፋት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ከኃላፊነቴም ተነሳሁ። ዘጠኙ መምህራን ነገሩን በሰሙ ማግሥት ምዕራፉን መዝለል ቀጠሉ፤ አንዱማ "ይኸው፣ ብለናል" አለኝ። ዘይነብ እስከ ክረምቱ መጨረሻ ክፍል ውስጥ አንድ ቃል አልተናገረችም። እሷና ቶለሳም በየጥጋቸው ተቀመጡ። አፍራ ነው፣ ፈርታ ነው ብዬ ገመትኩ። ግን በልቤ ኮርቼ ነበር። ሹመት ከፍዬ አንዲት ልጅና እናቷን አዳንኩ፤ ብዬ ለሰው ያወራሁት ግማሽ ይሄ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ለሥራ ሁሩሙ ሄድኩ። በአንድ ትምህርት ቤት የሚለማመዱ ሰልጣኞች ሲያስተምሩ ማየት ነበረብኝ። ዘይነብ ተዛውራ እዚያ ታስተምራለች። ስታየኝ በሁለት እጇ ጨበጠችኝ፣ የራሷን ወንበር አምጥታ ከመማሪያ ክፍሉ በረንዳ ላይ አስቀመጠችኝ። ስለ እናቷ ጠየቅኳት፤ ደህና ናቸው። ስለ ማሳው ጠየቅኳት፤ አቤቱታው እንደተንጠለጠለ ነው፤ ኦቦ ለሜሳ ባለፈው ዓመት አርፈዋል። "ለቅሶ ሄጄ ነበር" አለችኝ። "ቶለሳ አላናገረኝም፤ ግን አስገባኝ።"

እኔ ምስጋና እየጠበቅኩ ነበር። ከማንም ልደብቀው አልችልም፣ እየጠበቅኩ ነበር። ስለዚህ፣ "ያን ቀን ወረቀቱን ባልቀድደው ኖሮ..." ብዬ ጀመርኩ።

ዘይነብ ረጋ ብላ አየችኝ። "ቲቸር፣ ላስቀይምዎ አልፈልግም" አለች። "ግን ከጠየቁኝ ልንገርዎት። ረቡዕ ከሰዓት ቶለሳ ሻይ ቤት ጠርቶኝ አጎቱ እንደሚመጡ ነግሮኝ ነበር። ይቅርታም ጠየቀኝ። እኔ መጀመሪያ ጮህኩበት። ከዚያ እዚያው ቁጭ ብለን ተነጋገርን፤ ሻይ ቤቱ እስኪዘጋ። ወረቀቱ ላይ ሁለት መስመር እንዲጨመር ተስማማን። አንዱ እኔ የምለው፦ አባቴ በግድ ተጭኖ መጣ፣ መሬቱ የሰው መሆኑን አልተነገረውም የሚል። አንዱ እሱ የሚለው፦ የእኔ እናት እስካለች ማንም እንዳያስነሳት፣ መፍትሔውን መንግሥት ለሁለታችንም ቤተሰብ እንዲፈልግ የሚል። ሁለታችንም ልንፈርምበት። ሁለታችንም ኮፒ ይዘን ወረዳው ቢሮ አብረን ልንገባ።"



"ይሄን ልል ነበር 'አንዴ እኔ' ያልኩት" አለች። "እሱም ሊል የነበረው ይሄንኑ ነው። እርስዎ ቀደዱት። ቶለሳ ያን ቀን ምን እንዳለኝ ያውቃሉ? 'መምህርቷ ለእናንተ ወገን ቆመች' አለኝ። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ላናግረው?"

እዚህ ላይ ለእናንተ፣ በተለይ ጠመኔ ይዛችሁ ለምትውሉት፣ ጥቂት ልበል። ከዚያ ወዲህ በሚከፋፍል ጉዳይ ላይ ሳወያይ ቃለ ጉባኤ አላስይዝም። ይሄ ቀላሉ ትምህርት ነው፣ ማንም ይማረዋል። መጀመሪያ ስለ አያቴ መሬት እናገራለሁ፣ እኔ ያልተናገርኩትን ተማሪ እንዲናገር አልጠይቅም። ይሄም ከባድ አይደለም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ካፈራችሁ በኋላ ይለመዳል። ያልለመድኩት ሌላውን ነው። ሁለት ሰዎች በራሳቸው አፍ፣ በራሳቸው ሻይ ቤት፣ ከእኔ ፋይል የተሻለ ነገር ሠርተው መጥተው ነበር። እኔ የሁለቱንም አፍ ዘግቼ አዳንኳቸው። ክብር ለማስተማር ተልኬ፣ በቁርጡ ሰዓት ሁለቱንም እንደ ሕፃን ቆጠርኳቸው። ዛሬም ክፍል ውስጥ ነገር ሲግል ምላሴ "ዝም በሉ" ለማለት ይቸኩላል። ጥርሴን ነክሼ እተወዋለሁ። አንዳንዴ ውይይቱ ይበላሻል፣ አንዳንዴ ያምራል፤ በሁለቱም ደክሞኝ እመለሳለሁ።

ያን ቀን በረንዳው ላይ ራሴን ለማጽናናት የመጨረሻ ነገር ጠይቄያት ነበር። "ለመሆኑ ኦቦ ለሜሳ በዚያ ይስማሙ ነበር?" አልኳት። አይስማሙም ነበር እንድትለኝ ፈልጌ ነው።

ዘይነብ ደብተሮቿን ሰብስባ ተነሳች፤ ተማሪዎቿ ገብተው ይጠብቋት ነበር።

"አላውቅም፣ ቲቸር" አለችኝ። "ያን ቀን ልጠይቃቸው ነበር የመጣሁት።"